ክራኮቭን አርብ ከሰዓት አትጎብኙ፦ እኛ የሠራናቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከእስራኤል ተነስተን በቡድን ፖላንድ ሄድን። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነን፤ ግማሹ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ቤተ እስራኤል። ክራኮቭን አርብ አየናት፣ አበላሸናት። እሑድ ደገምናት። እናንተ ሁለቴ እንዳትደክሙ ጥፋታችንን ልንገራችሁ።

አውሽዊትዝንና ካዚሚየሽን በአንድ ቀን መደረብ

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ናዚዎች አይሁድን የፈጁበት ካምፕ፣ አውሽዊትዝ፣ ከክራኮቭ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጠዋት እሱን፣ ከሰዓት የክራኮቭን የድሮ የአይሁድ ሰፈር፣ ካዚሚየሽን፣ እናያለን ተባለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ስንመለስ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ትንፍሽ የሚል ሰው አልነበረም። አስጎብኚው ካዚሚየሽ እ.ኤ.አ. በ1335 እንደተቆረቆረች ያወራል፣ ሰሚ የለውም። አይሁድ እዚህ ሰፈር ከ400 ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ነግደዋል፣ ተምረዋል፣ ተጣልተዋል፣ ልጅ ድረዋል። ይኼ የራሱ ቀን ይገባዋል። ሞታቸውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ግማሹን እንኳ አላየም ባይ ነኝ።

አርብ አመሻሽ ላይ መድረስ

ቅዳሜ ምኩራብ ለጎብኚ ዝግ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አርብም በጊዜ እንደሚዘጋ ግን ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ዘንግቶታል። ሸሮካ መንገድ ላይ ያለው ሬሙ ምኩራብ ስንደርስ ጠባቂው ቁልፉን ይዞ ቆሟል። አንዳንዶቻችን ልንለምነው ስንል አብረውን ያሉ አንዲት እማማ ተቆጡ። «ሰንበት ሊገባ ነው። ሰውየው ቤቱ አይሄድም እንዴ?» አፍረን ተመለስን።

መቃብሩን በሩጫ ማለፍ

እሑድ ነው በደንብ የገባነው። ከምኩራቡ ጎን ባለው መቃብር እ.ኤ.አ. በ1572 ያረፉት ራቢ ሞሼ ኢሰርለስ ተቀብረዋል። የአሽከናዝ፣ ማለትም የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ፣ አይሁድ እስከ ዛሬ በሃይማኖት ሕግ የእሳቸውን ውሳኔ ይከተላሉ። «እኛ አገር እያለን ኦሪትን እንጂ የራቢዎቹን ሕግ መች እናውቅ ነበር» አሉ እማማ። ይኼን እያሉ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

ወንዶች ኪፓ (የአይሁድ ቆብ) ወይም ኮፍያ አትርሱ። አበባ ደግሞ አትግዙ፤ መቃብር ላይ የሚቀመጠው ጠጠር ነው። አንዱ ጎረምሳ ጠጠር ቢያጣ ከጎን ካለው መቃብር ላይ አንስቶ አኖረ። እማማ አይተውታል። «አንተ ልጅ፣ ከአንዱ ሰርቀህ ለአንዱ ትሰጣለህ?» ልጁ እየሮጠ መለሰ። ጠጠራችሁን ከውጭ ይዛችሁ ግቡ።

ከዚያ ድንጋዮቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጣቶቻቸውን የዘረጉ ሁለት እጆች ከተቀረጹበት የካህን መቃብር ነው፤ ማንቆርቆሪያ ካለበት የሌዋዊ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሰባበሩትን ደግሞ እየለቀሙ በመንገዱ በኩል ካለው ግንብ ላይ ለጥፈዋቸዋል። አንዱ ስባሪ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ቀርታለች። እዚያ ጋ ብዙ ቆየሁ።

ካዚሚየሽ ጌቶው ይመስላችኋል?

እኔም ይመስለኝ ነበር። ጌቶ ማለት ናዚዎች አይሁድን ከሌላው ለይተው ያጎሩበት ሰፈር ነው። ናዚዎች በማርች 1941 ጌቶውን የከለሉት ከቪስዋ ወንዝ ማዶ፣ ፖድጉዤ ነው። 3,000 ያህል ሰው ይኖርበት በነበረ ቦታ 15,000 ሰው አጨቁበት። ስለዚህ ድልድዩን ሳትሻገሩ «ጌቶውን አየሁ» እንዳትሉ።

ማዶ ያለው አደባባይ ላይ 33 ትልልቅ የብረት ወንበሮች ባዶአቸውን ቆመዋል። አይሁዶቹ ወደ ሞት ካምፕ ከተወሰዱ በኋላ አደባባዩ ላይ የቀረውን የቤት ዕቃ የሚያስታውሱ ናቸው። ያኔ የአደባባዩ ስም «የስምምነት አደባባይ» ነበር፤ ስላቅ ነው መቼም። ተቀምጦ ሳንድዊች የሚበላ ቱሪስት አይቻለሁ። አትቀመጡ የሚል ጽሑፍ አላየሁም፣ እናንተ ግን ተዉት።

ጥግ ላይ ያለችውን ፋርማሲ እንዳትዘሏት። ባለቤቷ ታዴዉሽ ፓንኪየቪች አይሁድ ሳይሆን ጌቶው ውስጥ እንዲሠራ የተፈቀደለት ፖላንዳዊ ነው። መልካቸውን ቀይረው ለሚያመልጡ የፀጉር ቀለም ይሰጥ ነበር። በፍተሻ ጊዜ ሕፃናት እንዳያለቅሱ ማረጋጊያ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። እናቶቹ ይኼን ሲሰሙ ልጆቻቸውን ጠጋ አሉ።

ምግብ ላይ አጭር ነገር፦ ሸሮካ ላይ «የአይሁድ ምግብ» የሚል ሁሉ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) አይደለም። ኮሸር የምትጠብቁ ከሆነ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ፍራፍሬና ውሃ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

የሐበሻ ቀጠሮ

አይሁድ ሠራተኞቹን ከሞት ያዳነው ጀርመናዊ ነጋዴ የሺንድለር ፋብሪካ ዛሬ ሙዚየም ነው። ትኬቱ በሰዓት ነው የሚሸጠው፤ አስቀድማችሁ ግዙ። ስለ ሺንድለር ብቻም አይደለም፤ ከተማዋ በናዚ ሥር ያሳለፈችውን ዘመን ነው የሚያሳየው። እኛ ትኬቱ ነበረን። ግን ሁለት ሰዎች ቡና ፍለጋ ወጥተው አርባ ደቂቃ ጠፉ፤ እነሱን ስንጠብቅ ተራችን አለፈ። ቡናውም ጥሩ አልነበረም አሉ።