የአካል እንቅስቃሴን በጅማ መለካት፦ መጠይቅ ወይስ ሴንሰር?

በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና የምትወቅጥ ሴት፣ ወገቧ ላይ ያሰረችው ሴንሰር (እንቅስቃሴ የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ) ሥራ እንደፈታች ይቆጥራታል። ዘነዘናው ይወጣል ይወርዳል፤ ወገቧ ግን ብዙም አይነቃነቅም። 60 ኪሎ የቡና ጆንያ የተሸከመ ወዛደርም ለሴንሰሩ ባዶ እጁን ከሚሄድ ሰው አይለይም። ስለዚህ ምን ዓይነት ሥራ እንደተሠራና ምን ያህል እንደከበደ ለማወቅ መጠይቅ፣ ሰዎች ስንት ደቂቃ እንደተንቀሳቀሱና እንደተቀመጡ ለማወቅ ሴንሰር ይመረጣል።

አቅም ካለ ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ ይጠቀሙ። መጀመሪያ ሴንሰሩን አስረው ይላኩ፤ መጠይቁን በ8ኛው ቀን፣ ሴንሰሩን ሲረከቡ ይሙሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ፣ ጂፓክ (GPAQ)፣ የሚጠይቀው ስለተለመደ ሳምንት ነው፤ ከሴንሰር ጋር ለማነጻጸር ያለፉትን 7 ቀናት የሚጠይቀው ሌላው መጠይቅ፣ አይፓክ (IPAQ)፣ ይሻላል።

«በቀን ስንት ደቂቃ ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ «ከጠዋት እስከ ማታ» ነው። መቼ እንደጀመሩና መቼ እንደጨረሱ ጠይቀው ምሳውን፣ ቡናውን፣ ዕረፍቱን ይቀንሱ። ሰዓት ለማያይ ሰው አዛን ጥሩ ምልክት ነው። የአፋን ኦሮሞው ትርጉም አስቀድሞ ተጽፎ ይሞከር፤ ጠያቂው ደጃፍ ላይ ቆሞ እየተረጎመ መጠየቅ የለበትም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሜት (MET) አንድ ሥራ ከዕረፍት በስንት እጥፍ ጉልበት እንደሚበላ ያሳያል፤ በአይፓክ ከባድ ሥራ 8 ሜት፣ መጠነኛ 4፣ የእግር ጉዞ 3.3 ነው። በሳምንት 5 ቀን ለ120 ደቂቃ ጆንያ የተሸከመ 5 × 120 × 8 = 4,800 ሜት-ደቂቃ ያገኛል። የአጭሩ አይፓክ ደንብ በእያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ዓይነት በቀን ከ180 ደቂቃ የሚበልጠውን ይቆርጣል። ይህ የተጋነነ መልስን ቢከላከልም የወዛደርን እውነተኛ ውሎም ይቆርጣል፤ ጥሬውን ቁጥር አይጣሉት።

ሴንሰሩ በቀኝ ዳሌ፣ በጉልበቱ ትክክል ይታሰር። የእጅ አንጓ ላይ ከሆነ ለዉዱእ በቀን አምስት ጊዜ ወልቆ አንዱ ላይ ይረሳል። 7 ቀን ሙሉ ይቆይ፤ የሐሙስ ገበያ መካተት አለበት። ቢያንስ 10 ሰዓት የታሰረበት ቀን ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለ 4 ቀን፣ ከነዚህም አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያስፈልጋል። ሴንሰሩ 60 ደቂቃ በተከታታይ ዜሮ ከቆጠረ ወልቋል ማለት ነው። አክቲግራፍ (ActiGraph) በተባለው ሴንሰር፣ ለአዋቂዎች በደቂቃ የተቆጠረው ከ100 በታች ከሆነ መቀመጥ፣ ከ1,952 ጀምሮ መጠነኛ፣ ከ5,725 ጀምሮ ከባድ ነው፤ ይህ መለኪያ ለልጆች አይሠራም። ቡና የሚለቀምበትን ወቅትና ክረምቱን በአንድ ላይ አይደባልቁ።

ብዙ ዳታ የሚበላሸው ግን በሰዓት ነው። ተሳታፊው «ማታ 3 ሰዓት አወለቅሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ያንኑ 21:00 ይለዋል። ሳይቀየር ከገባ ሰውየው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሴንሰሩን አስሮ የቆየ ይመስላል። ተሳታፊው በለመደው ሰዓት ይጻፍ፤ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ይቀይረው። ለኮምፒውተሩ አዲስ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንደሆነም አይርሳ።