የካማዶ ምድጃ ሲመርጡ ክዳኑን ይፈትሹ
ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ ጠበብ ባለ ግቢ ውስጥ ሥጋ ለመጥበስ ካማዶ የተባለውን ባለክዳን የሴራሚክ ምድጃ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ ከቀለሙና ከስሙ በፊት የክዳኑን አገጣጠም ቢመረምር ይበጀዋል። ሙቀቱን መቆጣጠር የሚቻለው ከታችና ከላይ ባሉት የአየር ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ በክዳኑ ዙሪያ አየር የሚያሾልክ ምድጃ እሳቱ አልታዘዝ ይላል፤ ከሰልም ይፈጃል። ቁራጭ ወረቀት ጠርዙ ላይ አድርገው ይክደኑትና ሳብ ያድርጉት፤ ምንም ሳይያዝ ሹልክ ካለ ሌላ ይምረጡ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነችና አየሯም ስስ ስለሆነ፣ ቀዳዳዎቹን መመሪያው ከሚለው ሰፋ አድርጎ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። 46 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ፍርግርግ ለቤተሰብ ይበቃል (ለበዓል እንግዳ ግን እንጃ)። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ስለሚችል ጎማ ያለው መቆሚያ አብረው ይግዙ፤ የክረምት ዝናብ ያራሰው ሴራሚክ በድንገተኛ ኃይለኛ እሳት ሊሰነጠቅ ስለሚችልም ውኃ የማያስገባ ልብስ አይለየው።