ጓሮዎን ከወፍና ከዱር እንስሳት እንዴት እንደሚጠብቁ

ኮትኩተው፣ ውሃ አጠጥተው ያሳደጉት አትክልት በአንድ ሌሊት ተበልቶ ሲያድር ያንገበግባል። ግን አጥር ለማጠር ከመሮጥዎ በፊት በላተኛውን ይለዩ። ወፍን የሚያግደው ለጃርት ምኑም አይደለም።

መጀመሪያ ጠዋት ጎንበስ ብለው የተበላውን ይዩ። ጥንቸል ቀንበጡን በምላጭ እንደተቆረጠ አድርጋ በሰያፍ ትቆርጠዋለች። ሚዳቋ ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌላት ጎትታ ነው የምትበላው፤ ስለዚህ ጫፉ የተቦጫጨቀ ይሆናል። ፍሬው እዚህም እዚያም ከተበሳሳ ወፍን ይጠርጥሩ። አፈሩ ተቆፍሮ ድንቹ ከጠፋ ደግሞ ጃርት ሊሆን ይችላል። ካልለየልዎ ማታ በመደቡ ዙሪያ ደቃቅ አሸዋ ይበትኑ። ጠዋት ዱካውን ያገኙታል።

ለጥንቸል 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሽቦ አጥር ይበቃል። ዋናው ሥራ ግን ከታች ነው። ተጨማሪ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ አፈር ውስጥ ይቅበሩና ጫፉን ወደ ውጭ ያጥፉት። የሚቆፍር እንስሳ ብዙ ጊዜ አጥሩ ሥር ተጠግቶ ነው የሚጀምረው፤ የታጠፈው ሽቦ እዚያው ያግደዋል። ሚዳቋ ግን ዘላይ ናት፤ ለእሷ ወደ 2 ሜትር ከፍ ማለት አለበት።

ለወፍ ከመረብ የሚሻል የለም። ፍሬው ላይ ዝም ብለው አይጣሉት፤ ወፎቹ በቀዳዳው ይለቅሙታል። እንጨት ተክለው ከላይ ይወጥሩት፣ ዳሩን በድንጋይ ይጫኑት። ቀዳዳው ጣት የማያሳልፍ ይሁን። አንድ ጠዋት ክንፏ በላላ መረብ የተተበተበ ትንሽ ወፍ በመቀስ ቆርጬ አውጥቻለሁ። ልቧ እጄ ላይ ሲመታ አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ መረብ ላልቶ እንዲቆይ አልተውም። ደግሞ አበባው ረግፎ ፍሬ ሳይቋጠር አይሸፍኑ፤ ንብ መግባት አለባት።

ማስፈራሪያና የሚያብረቀርቅ ሲዲም ይሠራል፣ ለጥቂት ቀን። ወፎች ቶሎ ይለምዱታል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቦታውን ይቀይሩ።

መርዝ ግን በፍጹም። የተመረዘችውን አይጥ የጎረቤት ድመት ወይም ጉጉት ትበላታለች። አይጥ የሚያድንልዎትን ገደሉ ማለት ነው።

የወደቀ ፍሬ መሬት ላይ አያሳድሩ፤ ሽታው ይጠራል። ቲማቲም መቅላት እንደጀመረ ቢለቅሙት ቤት ውስጥ ይበስላል።