በዛብህንና ሰብለን እንደገና ስንጽፍ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አብዛኛው ታሪኩ የሚፈጸመው እዚሁ ጎጃም ነው። ማንኩሳም ዲማም ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው፣ ገበያ የሚቆምባቸው አገሮች ናቸው። ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ወይም የቢቸና ወጣት የአድናቂ ድርሰት ልጻፍ ብሎ ሲነሣ ቀድመው የሚመጡለት የልብ ወለዱ ፍቅረኞች በዛብህና ሰብለ ወንጌል ቢሆኑ አይገርምም። ሌላው ዓለም ፋን ፊክሽን የሚለው ይኸው ሥራ ነው፤ አንባቢ የወደዳቸውን ገጸ ባሕርያት ይዞ ደራሲው ባልሄደበት መንገድ ይሄዳል። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ የሚያበላሹትን ነገሮች አንድ በአንድ የማነሣውም ስለዚህ ነው።

ስለቱን መሰረዝ

ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች በዛብህ እንዲተርፍ ይፈልጋሉ፤ ማን አይፈልግም? ነገር ግን በዛብህ ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ገና በልጅነቱ ሚስት ሳያገባ እንዲኖር ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። ይህን በሁለት መስመር አልፎ ወደ ሠርጉ የሚሮጥ ድርሰት በበዛብህ ስም ስለ ሌላ ወጣት ይተርካል። የበዛብህ ፍቅር የሚከብደው በወላጆቹ ቃል ታስሮ ሳለ ስለ ወደደ ነው። ስለቱ ይፍረስ፣ ግዴለም፤ ሲፈርስ ግን አንባቢው ይይ። በዛብህ ለማን ይናዘዛል? የነፍስ አባቱ ምን ቀኖና ይሰጡታል? ሰብለስ ይህን ስታውቅ ደስ ይላታል ወይስ ትፈራለች? እነዚህን የሚመልስ አንድ ሌሊት ከአሥር የሠርግ ገጽ ይበልጥብኛል።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ ጥሩ አርአያ ናቸው። የትርጓሜ መምህር «አንድም» እያለ ሐተታ በሐተታ ላይ ሲደርብ ንባቡን አይነካውም፤ አዲሱ ትርጓሜ የሚቆመው በዚያው ንባብ ላይ ነው። የአድናቂ ድርሰትም እንዲህ ቢሠራ ይጸናል።

ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው ታሪክ ገደለው፤ አንባቢዎቹም አዘኑ፣ ተቆጡ። በ1903 ሲመልሰው ግን የቀደመውን ታሪክ አልሰረዘም። ተራኪው ዶክተር ዋትሰን ሆምስ ሲወድቅ በዓይኑ አላየም፤ ከፏፏቴው ዳር ባገኘው የእግር ዱካና በተተወለት ደብዳቤ ተነሥቶ ነው ሞቷል ያለው። ደራሲው የተመለሰው በዚያች ክፍተት በኩል ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም እንዲህ ያለ ክፍተት ሞልቷል። ሰብለ መነኩሴ መስላ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ በየመንደሩ ያሳደሯት ሰዎች ምን ጠረጠሩ? እናቷ ወይዘሮ ጥሩአይነት ለራሳቸው ብቻ የሚያስቡት ምን ነበር? በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት እንጀራ የሚጋግሩትና ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ስለዚያ ፍቅር ማታ ማታ ምን ይሉ ነበር? ደራሲዋ ጂን ሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያደረገችው ይህን ነው፤ ከሻርሎት ብሮንቴ ልብ ወለድ ከ«ጄን ኤር» ውስጥ እብድ ተብላ የተዘጋባትን ሚስት አውጥታ ታሪኩን ከእርሷ በኩል ጻፈችው።

ከራዲዮ ትዝታ መጻፍ

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችን ጆሮ ውስጥ አለ። ድንቅ ትረካ ነው። ሆኖም ትዝታ የሚይዘው የሚያስለቅሰውንና የሚያስቀውን ነው፤ ግብሩን፣ የሥልጣን ሽኩቻውን፣ የአበጀ በለውንና የገበሬዎቹን አመፅ ይጥለዋል። ከመጻፍ በፊት መጽሐፉን እንደገና ማንበብ ግድ ነው።

ጉዱ ካሣን ማሳቂያ ወይም ሰባኪ ማድረግ

ሁለቱንም አይቻለሁ። በአንዱ ድርሰት ካሣ ዳምጤ ገብቶ የሚያስቅ ሰካራም ይሆናል፤ በሌላው የዛሬን ፖለቲካ በዛሬ ቋንቋ ይሰብካል። ካሣ ግን የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ የሚተቸውን ሥርዓት ከውስጥ ያውቀዋል፣ ከዚያው ማዕድ በልቷል። «ጉዱ» ያሉት ሰዎች የገዛ ወገኖቹ መሆናቸው ሕመሙን ያከብደዋል። ያ ሕመም ከሌለ ንግግሩ ባዶ ጩኸት ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን ጭራቅ ማድረግ

ፊታውራሪ የሰብለን ጠያቂዎች ዘር እየቆጠሩ ሲመልሱ ልጃቸውን የሚጎዱ አይመስላቸውም፤ ክብሯን የሚጠብቁ ይመስላቸዋል። በዚህ እምነት ነው አባት ልጁን ዕድሜዋ እስኪያልፍ ቤት የሚያስቀራት። ክፉ ብቻ አድርጎ የሚስላቸው ጸሐፊ ሰብለ ለምን ቶሎ እንዳላመፀች ማስረዳት ያቅተዋል። እናንተ የምትጽፏቸው ፊታውራሪ ልጃቸውን ይውደዷት፤ ያን ጊዜ የበለጠ ያስፈራሉ።

አንቱታን መዝለል

በዛብህ የሰብለ አስተማሪ ነው፤ እርሷ ደግሞ የባላባት ልጅ። በድርሰቶቻችን ግን ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ዘመኑ የኮሌጅ ጓደኞች አንተና አንቺ ይባባላሉ። ተማሪ የአብነት መምህሩን «የኔታ» እያለ በሚጠራበት አገር ከአንቱታ ወደ አንተ የሚወርዱባት ቅጽበት ከመሳም አታንስም። ለዚያች ቅጽበት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ቢሰጣት አይበዛባትም።

መልክዓ ምድሩን መርሳት

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ዛሬ በአስፋልት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉም የዓባይ በረሃ አለ። በእግርና በበቅሎ ዘመን ደብዳቤ በማግስቱ አይደርስም፣ ሰውም ለእራት አይመለስም። የደጋው ብርድ፣ የበረሃው ወበቅና የሽፍታ ፍርሃት ለታሪኩ መዘግየት ይሰጡታል፤ ፍቅረኞቹ የሚናፈቁትም በዚያ መዘግየት ውስጥ ነው።

ራስን ማስገባት

ሁሉም የሚወዳት፣ የማትሳሳት አዲስ ገጸ ባሕርይ መጥታ የሁለቱን ችግር ስትፈታ ድርሰቱ ያልቃል። የአድናቂ ድርሰት ጸሐፊዋ ፖላ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1973 «ሜሪ ሱ» ብላ የተሳለቀችባት ዓይነት ናት፤ ስሟም ለዚህ ስህተት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። አዲስ ሰው ካስፈለገ ጉድለት ያለው ይሁን።

የባለቤቱን መብት መዘንጋት

የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ፣ ለወራሾቹም እርሱ ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት መብት ይሰጣል፤ ሥራውን ወደ ሌላ መልክ መቀየርም ከዚሁ መብት ውስጥ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ጥበቃው እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ ይዘልቃል። ጽፋችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ለመነባበብ ያሰባችሁ እንኳ የመጀመሪያውን ደራሲ ስም ከራሳችሁ ስም በላይ አስፍሩ። አሳትሜ ልሽጥ ያለ ሰው ደግሞ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ከወራሾቹ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቅ።