ያለ ዋይፋይ፣ ያለ ፍላሽ፦ ጽሑፍን በድምፅ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ እንዴት መላክ ይቻላል

ዳያልአፕ ኢንተርኔት ሲገናኝ ያሰማው የነበረውን ጩኸት የምታስታውሱ አላችሁ። ያ ጩኸት ዳታ ነበር። ዛሬም አንዱ ላፕቶፕ በስፒከሩ እየጮኸ ሌላው በማይኩ ሰምቶ መመዝገብ ይችላል።

ሊኑክስ ያላቸው ሁለት ላፕቶፖችና ሚኒሞደም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሉ። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በፕሮግራም መጫኛው በአፕት ይጫናል።

መጀመሪያ ተቀባዩን አዘጋጁ፤ አለዚያ የፋይሉ መጀመሪያ ያመልጣችኋል። ተርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) የፕሮግራሙን ስም፣ ሁለት ሰረዝና «አርኤክስ»፣ ቀጥሎ 300 ጻፉ፤ ቁጥሩ በሰከንድ የሚላከው የቢት (የዳታ ትንሿ ቁራጭ) ብዛት ነው፤ ትእዛዙ በላቲን ፊደል ነው እንግዲህ። በመብለጥ ምልክት ወደ አዲስ ፋይል ምሩት። ላኪው ላይ «አርኤክስ» በ«ቲኤክስ» ይተካል፣ የሚላከው ፋይል ደግሞ በማነስ ምልክት ይገባል።

ለምን 300? 1200 እያለ የሚል አይጠፋም። በ1200 አንድ ቢት የሚቆየው ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ነው። በዚያች ቅጽበት ድምፅ 28 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ይጓዛል። ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ማሚቶ ታዲያ የሚደርሰው ቀጣዮቹ ቢቶች ላይ ነው፤ ሁሉንም ያደባልቀዋል። በ300 ቢቱ ከ3 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚቆይ ፋታ አለው። ላፕቶፖቹንም አጠጋግታችሁ አስቀምጡ። ሴራሚክ ወለል ያለው ባዶ ሳሎን አይሆንም፤ አልጋና መጋረጃ ያለበት ክፍል ይሻላል።

አልሰራ ሲል እጅ ቶሎ ወደ ቮልዩም ይሄዳል። ተዉት። ሙሉ የተከፈተ የላፕቶፕ ስፒከር ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ማይኩም ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ከግማሽ ጀምሩ። የማይክ ቅንብር ውስጥ ጫጫታ መቀነሻ ካለ አጥፉት። የተሰራው ለሰው ንግግር ስለሆነ የእኛን ፉጨት እንደ ረብሻ ቆጥሮ ሊያፍነው ይችላል። በኬብል ማገናኘት ማሚቶውን ይገላግላል፤ ግን ብዙ ላፕቶፕ ላይ ማይክና ሄድፎን አንድ ቀዳዳ ስለሚጋሩ ተራ ኬብል ማይኩ ጋ አይደርስም።

በ300 የሚያልፈው በሰከንድ 30 ባይት ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ የፊደል ኮድ 3 ባይት ስለሚይዝ በሰከንድ 10 ፊደል ማለት ነው። ለደብዳቤ ይሆናል፤ ፎቶ እንዳትሞክሩ።

ፕሮግራሙ ስህተት አያርምም። ዚፕ አድርጎ መላክ ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን አንድ ቢት ከተበላሸ ፋይሉ ላይከፈት ይችላል፤ እኔ ተራ ጽሑፍ እመርጣለሁ። ከፊትና ከኋላ የጫጫታ ፊደል ከተለጠፈበት ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ጋ የፋይሉን ኤምዲ5 (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር መለያ ኮድ) አውጥታችሁ አስተያዩ። ካልገጠመ እንደገና መላክ ነው።