ሐይቁ አረንጓዴ ሲሆን፦ የአልጌ ክትትል በፈቃደኝነት እንዴት ይሠራል?

ከደሴ ወደ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። ከተማው አጠገብ ራሱም ሐይቅ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ጠዋት ዳሩ ላይ ሰው አይጠፋም። ከብት የሚያጠጣ አለ፣ ልብስ የሚያጥብ አለ፣ መረብ የሚያራግፍ አለ። ይህ ሁሉ ሰው ውሃውን በየቀኑ ያያል። «ዘንድሮ ውሃው ተለውጧል» የሚል ወሬም አይጠፋም። ከመቼ ጀምሮ? የት ጋ? ምን ያህል? እዚህ ላይ ሁሉም ዝም ይላል፣ የጻፈው የለማ።

የፈቃደኛ ክትትል የሚባለው ይህንን የሚሞላ ሥራ ነው። ሳይንቲስት መሆን አይጠይቅም። ስልክ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። በአሜሪካ ቨርሞንት በሻምፕሌይን ሐይቅ ዙሪያ ተራ ነዋሪዎች በበጋ ወራት በየሳምንቱ እየወጡ ያዩትን ያስመዘግባሉ። የሚዋኘውም ውሻውን የሚያወጣውም ያንን እያየ ይወስናል። በሐይቅ፣ በአርዲቦ ወይም በማይባር ሐይቆች አጠገብ የምትኖሩ ሰዎች ይህን የማትሠሩበት ምክንያት የለም።

ምኑን ነው የምንከታተለው?

አረንጓዴ ውሃ ሁሉ መርዝ አይደለም። አልጌ በየሐይቁ አለ፤ አሳውም በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ የሚኖረው በእሱ ነው። የሚያሳስበው ሳይኖባክቴሪያ የሚባለው ወገን ነው። በልማድ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይሉታል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ሞቅ ያለ፣ የረጋ፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን የበዛበት ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ማለትም በአንዴ ይራባል። ማዳበሪያ ከማሳ ታጥቦ ይመጣል፤ እበቱ፣ የሳሙናው እጣቢና የመጸዳጃው ፍሳሽ ይጨመርበታል። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ደግሞ ከአርዲቦ በኩል ውሃ ይቀበላል እንጂ ራሱ በወንዝ የሚያስወጣበት በር የለውም። የገባው እዚያው ይከማቻል።

ከዚህ ወገን አንዳንዱ መርዝ ይሠራል። ማይክሮሲስቲን የተባለው ጉበት ይጎዳል። አናቶክሲን ነርቭ ላይ ስለሚሠራ ከብትን በሰዓታት ሊጥል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ዘወትር ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው የማይክሮሲስቲን ገደብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንስማማ፦ የእናንተ ሥራ «ተመርዟል» ማለት አይደለም። የእናንተ ሥራ «ይህን፣ እዚህ፣ በዚህ ሰዓት አየሁ» ማለት ነው።

ቦታ ምረጡ፣ ከዚያ አትቀይሩት

ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይበቃል። አንዱ ሰው ውሃ የሚቀዳበት ወይም ከብት የሚያጠጣበት ይሁን። ሌላው ወንዝ የሚገባበት አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሦስተኛው ነፋስ የሚገፋውን ነገር የሚሰበስብበት ጥግ ይሁን። አልጌው ላዩ ላይ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ በአንዱ በኩል ውሃው ጥርት ብሎ በሌላው በኩል ዳሩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የት እንደሚጠራቀም አስጋሪዎችን ጠይቁ። ከእናንተ በላይ ያውቁታል።

የምትወጡበትም ሰዓት አንድ ይሁን። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥሩ ነው። ውሃው ሌሊቱን ረግቶ ስለሚያድር ሳይኖባክቴሪያው ወደ ላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ያናውጠውና ያየነው የለም ሊያሰኝ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ውጡ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲሆን፣ ጎርፉ ያመጣው ሁሉ ገና ውሃው ውስጥ ስላለ፣ ሁለት ቀን ብታደርጉት አይከፋም።

ምንም የሌለበትን ቀንም ጻፉ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ «ምንም የለም፣ ምን እጽፋለሁ?» ይላል። የጤነኛው ውሃ መዝገብ ከሌለ ግን የታመመውን ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

ስትደርሱ ምን ታያላችሁ?

ሳይኖባክቴሪያ ሲፈላ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ውሃ ይመስላል። አንዳንዴ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ሆኖ ውሃው ውስጥ ተበትኖ ይታያል። ሲሞት ዳሩ ላይ ነጣ ያለ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ሽፋን ይተዋል፤ ይሸታልም።

አሁን ዱላ ውሰዱና ቀስ ብላችሁ አረንጓዴው ውስጥ ክተቱት። ሲወጣ እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ከመጣ ክር መሰል አልጌ ነው፤ ያስቀይም እንጂ በአብዛኛው አይመርዝም። ዱላውን ቀለም ብቻ ቀብቶት ከወጣ ሳይኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ቅጠልና ሥር ካለው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። ከጣናው ጉድ ወዲህ ሐይቅ ላይ አረንጓዴ ነገር በታየ ቁጥር «እምቦጭ ገባ!» የሚል አይጠፋም። እምቦጭ ቅጠሉና አበባው በሩቅ ይለያል፤ ሁለቱን አታምታቱ።

እጃችሁን አታስገቡ። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ከነካችሁ ወዲያው በንጹህ ውሃ ታጠቡ። ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ የጠጣ ሰው ሊያስመልሰውና ሊያስቀምጠው ይችላል። ልጆች እየተከተሏችሁ ከመጡ መጀመሪያ እነሱን መልሱ፣ ከዚያ ሥራችሁን ሥሩ።

የሃይላንድ ሙከራ

ግልጽ የሆነ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፤ ወረቀቱን ላጡት። ከላይ ያለውን ሽፋን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ውሃ እስከ ሦስት አራተኛው ሙሉ። ላዩ ላይ «አይጠጣም» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የሃይላንድ ውሃ ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ሳትነቀንቁት አሳድሩት።

ጠዋት እዩት። አረንጓዴው አናቱ ላይ ቀለበት ሠርቶ ከተሰበሰበ ሳይኖባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በሴሎቹ ውስጥ አየር የሚይዙ ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል። ታች ከዘቀጠ ሌላ ዓይነት አልጌ ሊሆን ይችላል። አልንሳፈፍ የሚሉ የሳይኖባክቴሪያ ዓይነቶችም ስላሉ «ዘቅጧል፣ ሰላም ነው» ብላችሁ አትደምድሙ። መርዝ መኖር አለመኖሩን ደግሞ ይህ ሙከራ ጭራሽ አይናገርም።

የሴኪ ሰሃን

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው መለኪያ ይህ ነው። ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃው ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ በቁጥር ይናገራል። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1865 እ.ኤ.አ. የሞከረው ነው፤ እስካሁን በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

20 ሳንቲ ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ወይም የቀለም ባልዲ ክዳን ፈልጉ። አራት ቦታ ከፍላችሁ ተቃራኒዎቹን ጥቁር፣ ሌሎቹን ነጭ ቀቡ። መሃሉን ብሱና ገመድ አስሩበት፣ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ብረት አንጠልጥሉ። ገመዱን በየ10 ሳንቲው በማይለቅ ማርከር ምልክት አድርጉበት።

ጀልባ ላይ ሆናችሁ፣ በጥላው በኩል፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። የፀሐይ መነጽር አውልቁ። ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ያዙ። ትንሽ አውርዱና መልሳችሁ ሳቡት፤ እንደገና የሚታይበትንም ያዙ። የሁለቱ አማካይ የእናንተ ቁጥር ነው። ከክረምት ጎርፍ በኋላ ቁጥሩ የሚቀንሰው በደለል ሊሆን ስለሚችል ውሃው ቡናማ ይሁን አረንጓዴ አብራችሁ ጻፉ።

ስለ ሐይቅ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ድሮ ውሃው በጣም ጥርት ያለ ነበር። ቆሮሶ አሳ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከተጨመረበት ወዲህ ጥራቱ መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ በየሳምንቱ ሰሃን የሚያወርድ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ስንቱ ክርክር በቀረ!

አጻጻፉ

የደብተሩ አንድ መስመር ይህን ቢመስል ጥሩ ነው፦ «ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1:30፣ ከብት ማጠጫው፣ ነፋስ የለም፣ ዳሩ ላይ የሁለት እርምጃ ስፋት ያለው አረንጓዴ ሽፋን፣ ዱላ ቀብቷል፣ የሞተ አሳ የለም፣ ከብት እየጠጣ ነው፣ 3 ፎቶ።» ፎቶዎቹ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ቆማችሁ፣ አንዱ ዛፍ ወይም ቤት እንዲታይ ከራቅ ብሎ ይነሱ። በቅርቡ ፎቶ ላይ እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። እናንተ 1:30 ትላላችሁ፣ ስልካችሁ 7:30 ይላል። ቀኑም እንደዚያው ነው። የእኛንም የፈረንጁንም አብራችሁ ጻፉ፣ ላብራቶሪ ያለው ሰው በኋላ እንዳይምታታበት።

ለማን ይነገራል?

ነገሩ ሳይመጣ በፊት ተነጋገሩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው፤ የባዮሎጂ ወይም የአሳ ትምህርት መምህር ፈልጋችሁ ናሙና እንዴት እንደሚቀበሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ናሙና ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ፣ በበረዶ ተይዞ፣ በቶሎ መድረስ አለበት። ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና ዋጋ የለውም። ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽንና ለእንስሳት ጤና ባለሙያውም ያያችሁትን ከፎቶው ጋር ላኩ።

ፌስቡክ ላይ «ሐይቁ ተመረዘ» ብሎ መለጠፍ ግን ይቅርባችሁ። በማግስቱ አሳ የሚገዛ አይኖርም፤ ያ ሁሉ አስጋሪ ከነቤተሰቡ ጾሙን ያድራል። የሞተ አሳ ተንሳፍፎ ብታዩም አትቸኩሉ። ብርድ ሲጠነክር ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ሲደባለቅም አሳ ይሞታል። ጻፉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ምክንያቱን ለባለሙያ ተዉት። ሞቶ የተገኘ አሳ ግን በምንም ምክንያት ይሁን አይበላም።

ሽፋኑ ካለ ዳሩ ላይ ለሚያገኟችሁ ሰዎች በአካል ንገሩ። «አባባ፣ ከብቶቹን ዛሬ ወደዚያ ማዶ ቢያጠጧቸው ይሻላል፤ እዚህ ጋ ውሃው አረንጓዴ ይዟል» ማለት ይበቃል። «እናፈላዋለና!» የሚል ይመጣል። ማፍላት መርዙን አያጠፋም፤ እንዲያውም ሴሉን አፈንድቶ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ውሃ አጋር በሚባለው የውሃ ማከሚያም አትተማመኑ። መፍትሔው ሌላ ውሃ ነው። ከዚያ አካባቢ የተጠመደ አሳ የሚበላ ከሆነ ጉበቱና ሆድ ዕቃው ተጥሎ ሥጋው በንጹህ ውሃ ይታጠብ።

ሽፋኑ ሲጠፋ ክትትሉን አታቁሙ። አልጌው ሲሞት በውስጡ የያዘውን መርዝ ስለሚለቅ፣ ውሃው ጥርት ብሎ እያለም መርዙ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከብቶቹ ወደ ድሮው ማጠጫ ከመመለሳቸው በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ፣ በዚያም መሃል ከወትሮው ቀረብ ቀረብ እያላችሁ ውጡ።