አላስካ ዓሣ ልታጠምዱ ነው? ድቡ ቀድሟችኋል

አገራችን ድብ የለም። ከሲያትል ተነስቶ አላስካ ለሳልመን ዓሣ የሚወርድ ሀበሻ የአውሬ ትምህርቱ ጅብ ላይ ያበቃል። ኬናይ ወንዝ ዳር ግን ቡናማው ድብ ራሱ ዓሣ አጥማጅ ነው። ስለዚህ ከባዶቹ ስህተቶች ዓሣው ላይ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ድብ እየመጣ ዓሣ መጎተት። ሳልመኑ መንጠቆ ላይ ሲንፈራገጥ ውሃው ይንቦጫረቃል። ለድብ ያ ድምፅ የምሳ ጥሪ ነው። ክሩን ቁረጡት። ያንገበግባል፣ አውቃለሁ። ግን አንዴ ከሰው መንጠቅ የቀመሰ ድብ ነገ ሌላ አጥማጅ ጋ ይሄዳል። እዚያው አላስካ፣ ካትማይ ፓርክ ውስጥ፣ ብሩክስ ወንዝ ላይ፣ ድብ 50 ያርድ (45 ሜትር ገደማ) ከቀረበ ማጥመድ ይቆማል።

ሁለተኛው፣ የዓሣውን አጥንትና ጭንቅላት ዳር ላይ ጥሎ መሄድ። ቆራርጡና ጥልቅ ወደሆነው፣ በኃይል ወደሚፈሰው ውሃ ወርውሩት። ያጠመዳችሁትና ቦርሳችሁም ከአጠገባችሁ አይራቅ።

ቤር ስፕሬይ (ድብ ላይ የሚረጭ መከላከያ) ገዝቶ ቦርሳ ሥር መቅበርስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ወገባችሁ ላይ ይሁን። እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ነገር ነው፤ የሚደርሰው 9 ሜትር ገደማ፣ የሚቆየውም ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ እዚያው ግዙ። እንደ ትንኝ መድኃኒት ድንኳን ላይ የሚረጩ አሉ። እባካችሁ! ሽታው ጭራሽ ድብ ይጠራል።

ዝም ብሎ መሄድም ስህተት ነው። የወንዙ ጩኸት ኮቴያችሁን ይውጠዋል፤ ድንገት የተገናኘ ድብ ደግሞ ይደነግጣል። አውሩ፣ ዝፈኑ።

መሮጥ? ድብ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እንኳን እኛ ኃይሌም አያመልጠው። ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አፈግፍጉ። ቡናማው ድንገት ደንግጦ ከያዛችሁ በሆዳችሁ ተኙ፣ ማጅራታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ፣ ቦርሳውን አታውልቁ። ሌላው ዓይነት፣ ጥቁሩ ድብ ከሆነ ግን ታገሉ። ቀለም ያሳስታል፤ ትከሻው ላይ ጉብታ ካለው ቡናማው ነው።

ማታ ደግሞ ዓሣ ስታጸዱ የለበሳችሁትን ልብስ ይዛችሁ ድንኳን አትግቡ። ከምግቡ ጋር 90 ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥ።